«የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥዎ»
መጽሐፈ ኢዮብና ሞተ ሙሴ በሕመምተኛ አጠገብ ሲነበቡ

እንደሚታወቀው በማኅበረሰባችን ዘንድ አንድ ሰው ሕመም ጠንቶበት ሲተኛ ዘመድና ጎረቤት ሄዶ ይጠይቀዋል፤ መቅረት ነውር ነው። ጠያቂው ሲገባ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ይላል፤ ተነሥቶ ሲሄድ ደግሞ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥዎ» ብሎ ይሰናበታል። ሁለቱም ከወላጆቻችን የሰማናቸው መልካም ምርቃቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፋችን ግን በተለይ በሁለተኛው ላይ ጥቂት ለመቆየት እንፈልጋለን። መጽሐፈ ኢዮብን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው በምርቃቱ ውስጥ የሚጠራውን ኢዮብ የሚያገኘው በጥቂት ገጾች ላይ ብቻ ነውና። ነገሩ የመጽሐፍ አዋቂዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላስቸገርን ነበር። ነገር ግን አልጋ ላይ ያለው ሰው ምን መናገር እንደሚፈቀድለት፣ ምኑንስ ውጦ መቅረት እንዳለበት ሳናውቀው የሚወስነው ይኸው አነጋገር ሆኖ አግኝተነዋል።

መጽሐፉ 42 ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎችና የመጨረሻው ምዕራፍ ማብቂያ ትረካ ሲሆኑ በመካከል ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉ ግጥም ነው። በትረካው ውስጥ ኢዮብ ከብቱን፣ አገልጋዮቹንና አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ያጣል፤ ቀጥሎም ከእግሩ እስከ ራሱ ቁስል ይወጣበትና በዐመድ ላይ ተቀምጦ ገላውን በገል ያካል። ይህ ሁሉ ሲደርስበት ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ምርቃታችን የሚያውቀው ይህን ሰው ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ግን ያው ሰው አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ እስከ ምዕራፍ 31 ድረስ በየተራው ይናገራል። ሌሊቱ አልነጋ እንዳለው፣ ዘመዶቹ እንደራቁት፣ ትንፋሹ ሚስቱን እንኳ እንዳስጠላት፣ አገልጋዩን ሲጠራው እንደማይመልስለት ይዘረዝራል። ብዙ ጊዜ የተኛ ሕመምተኛ ይህን ሲሰማ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ያውቀዋል። ከዚህም አልፎ ኢዮብ ከፈጣሪው ጋር በችሎት ፊት ቆሞ ለመሟገት ይጠይቃል። ያገራችን ሰው ባላጋራውን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ እንደሚያቆመው ሁሉ፣ ኢዮብ የሕግን አምላክ ራሱን በሕግ አምላክ ብሎ ለማቆም የሚሞክር ሰው ነው። ታዲያ ይህ ሰው ታጋሽ ነውን? እንደ ምርቃቱ አይደለም።

ምርቃቱ ይህን ሁሉ ትቶ ትዕግሥቱን ብቻ ከየት አመጣው? በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ኢዮብ ከራሱ መጽሐፍ ውጪ የሚነሣው በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 14 ነው፤ በዚያም ከኖኅና ከዳንኤል ጋር የተጠቀሰው በጽድቁ ሲሆን ስለ ትዕግሥቱ አንድም አልተባለም። ትዕግሥቱ በስም ተጠርቶ የሚመሰገነው በክርስቲያኖች አዲስ ኪዳን፣ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ነው። እስላሞችም አዩብ ብለው የሚያነሡት በዚሁ በትዕግሥቱ ነው። ስለዚህ አነጋገሩ ከጎረቤቶቻችን ጋር አብረን ከተናገርነው ቋንቋ ጋር የደረሰን ይመስለናል። ይህን የምንለው ምርቃቱን ለማንኳሰስ አይደለም፤ ከጎረቤት የመጣ ሁሉ ይጣል ብንል ከቡናው ጀምሮ ስንቱን ልንጥል ነው! ሌላም ምክንያት አለ። አገር ቤት መጽሐፉ የሚነበበው በግዕዝ ነበር። ሕዝቡ ከቄሶቹ አፍ ታሪኩን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለልጆቹ ሊነግር የሚችለው ትረካውን ነው፤ የሃያ ዘጠኝ ምዕራፍ ክርክር በቃል ይዞ ወደ ምድጃ ዳር መመለስ አይቻልም። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ምዕራፎች መጽሐፉን በሙሉ ተኩ።

አሁን ወደ ጠያቂዎቹ እንምጣ። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የወዳጃቸውን መከራ ሰምተው ከየአገራቸው ተነሥተው መጡ። ባዩትም ጊዜ አለቀሱ፣ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ ታላቅ መሆኑን አይተው አንድም ቃል አልተነፈሱም። እነዚህን ሰዎች ሁልጊዜ ስንነቅፋቸው እንሰማለን፤ እስከዚህ ድረስ ግን ከኛ ለቀስተኛ የሚያንሱበት ነገር የለም። የታልሙድ ሊቃውንትም አጽናኞች ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት መናገር እንደማይገባቸው የተማሩት ከዚህ ቦታ ነው። አባቶቻችን ታልሙድን ባያውቁም ሐዘን ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የሁለቱ ልማዶች እዚህ ላይ መገናኘታቸው ደስ ያሰኛል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ሲናገሩ ነው። ሦስቱም በተለያየ መንገድ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ እግዚአብሔር በከንቱ አይቀጣም፤ ስለዚህ አንተ አንድ ነገር በድለሃል፤ በደልህን ተናዘዝና ትድናለህ። ንግግራቸው ያማረ፣ ሃይማኖታቸውም የጸና ነው። አንዳንዱን አረፍተ ነገር ለብቻው ነቅለው ቢያወጡት ለስብከት ይሆናል። ነገር ግን በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር በኤልፋዝና በሁለቱ ጓደኞቹ ላይ መቆጣቱን ይናገራል፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገሩምና። ይህን ፍርድ ረጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የነበሩት ተሳስተዋል ተባሉ፤ ሲጮህና ሲከስስ የነበረው ሕመምተኛ ትክክል ነው ተባለ። በኛ አስተያየት መጽሐፉ ለሕመምተኛ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ ምርቃታችን የሸፈነውም ይህንኑ ነው።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ በኛ ዘንድ የራሱ መልክ አለው። አገር ቤት ሳሉ ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ፣ እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ስሙን እንኳ እምብዛም ያልሰሙት የስኳር በሽታ ያገኛቸው፣ ቆይቶም ኩላሊታቸውን ጎድቶባቸው በሳምንት ሦስት ቀን ለደም እጥበት የሚመላለሱ አባቶችና እናቶች አሉን። ሐኪሙ ምክንያቱን ያስረዳል፦ የምግቡ መለወጥ፣ ነጩ ዱቄትና ስኳሩ፣ ለስላሳው መጠጥ፣ የእግር ጉዞው መቅረት። የሐኪሙ ቃል እውነት ነው፤ መታወቁም ለልጆቻችን ይጠቅማል። ሰውየው በልቡ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «እየሩሳሌም፣ እየሩሳሌም ስንል ኖረን፣ ከገባን በኋላ ለምን?» ለዚህ ጥያቄ የኤልፋዝን መልስ የሚሰጥ ጠያቂ በየቤቱ አይጠፋም። ሰንበት አላከበርንም፣ ወጣቱ ሥርዓቱን ጣለ፣ ንጽሕናችንን ተውን ይላል። ሥርዓት መላላቱ ያሳዝናል፤ እኛም በዚህ መጽሔት ስለዚህ ዝም አንልም። ይሁን እንጂ ያንን ሐዘን ወስዶ በአንድ አሮጊት ኩላሊት ላይ መጫን የኤልፋዝ ሥራ ነው። በሽታን የበደል ምልክት አድርጎ ማየት ምን እንደሚመስል ከማንም ይልቅ እኛ ማወቅ ነበረብን፤ የለገስነው ደም ኤድስን በመፍራት ሳይነገረን ሲጣል መኖሩ በጥር 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በታወቀ ጊዜ፣ ሕዝብ በሙሉ ሳይመረመር ሕመምተኛ ተብሎ ነበርና።

እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያው ምርቃት መመለስ ግድ ይሆናል። «ይማርዎ» የሚለው ቃል «ማረ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ዳኛ ጥፋተኛን ይምራል፣ ጌታ አሽከሩን ይምራል። ዕብራይስጡ ለሕመምተኛ የሚመኘው «ረፉዓ ሽሌማ»፣ ማለትም ፍጹም ፈውስ ነው፤ ቃሉ ከሐኪሙ መጠሪያ ከ«ሮፌ» ጋር አንድ ሥር አለው። የኛ ቃል ግን ምሕረትን ይለምናል። ታዲያ በቃላችን ውስጥ ሕመምተኛው በዳይ ነው የሚል ክስ ተደብቋልን? አንዳንድ ወጣቶች እንዲህ ሲሉ ሰምተናል፤ አልተስማማንም። ምሕረት ሁሉ ለጥፋት አይደለም። ዝናብ ሲዘንብም፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት በሰላም ስትገላገልም ምሕረት እንላለን። ቃሉ ሰፊ ነው፤ የሚያጠበው ከቃሉ በኋላ የሚከተለው ምክር ነው።

በዚህ አገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ጠያቂ አለ። ደግና የተማረ ሲሆን በሽተኛው ለመከራው «ትርጉም» እንዲያገኝለት ይመክራል። ሐሳቡ በአብዛኛው የተወሰደው ከቪየናው የአእምሮ ሐኪም ከቪክቶር ፍራንክል ነው። ፍራንክል አውሽቪትዝን ጨምሮ በናዚዎች ካምፖች ታስሮ የተረፈ፣ አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱን ያጣ ሰው ሲሆን መጽሐፉ በ1946 በጀርመንኛ ከወጣ ወዲህ በዕብራይስጥም ብዙ ተነቧል። ሰውየው የመናገር መብት አለው፤ መጽሐፉም ክቡር ነው። ከሱ ተቀብለው የሚያስተላልፉት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ፍራንክል ራሱ ሊወገድ የሚችል መከራ መወገድ እንዳለበት፣ ትርጉም ለማግኘትም መከራ የግድ እንዳልሆነ ጽፏል። የተናገረው ሊሸሹት ስለማይቻል መከራ ነው፤ ያንንም ስለ ራሱ ሆኖ ነው የተናገረው። ለሌላ ሰው «በል ትርጉም አግኝለት» ሲባል ግን ሕመምተኛው ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይጫንበታል። ያላገኘም እንደሆነ በሕመሙ ላይ ውርደት ይጨመርበታል። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ «ትርጉም» ስንል አንድም ፍቺ ነው፣ አንድም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስ ነው። አንድ ሽማግሌ ለበሽታቸው ትርጉም አግኝተው እንደሆነ ቢጠየቁና «አስተርጓሚዋ እኮ የልጅ ልጄ ናት» ብለው ቢመልሱ ማን ይፈርድባቸዋል? ስለዚች አስተርጓሚ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

መጽሐፈ ኢዮብን ስናመሰግን የሚጎድለውንም መናገር ተገቢ ነው። የኢዮብ ሚስት በዕብራይስጡ የምትናገረው ስድስት ቃላት ብቻ ነው፤ ከነዚህም ውስጥ «ባርክ» የሚለው ለእርግማን ክብር ሲባል የገባ ቃል መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። በእነዚህ ስድስት ቃላት ምክንያት ስንት ዘመን ስትወቀስ ኖረች! እሷም አሥር ልጆች ቀብራለች፤ ያንን ቁስለኛ ስታስታምም የነበረችውም ከሷ ሌላ ማን ሊሆን ነው? የግሪኩ ትርጉም፣ የግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ የተመለሰበት ማለት ነው፣ ይህ ጉድለት የተሰማው ይመስላል፤ በዚያ ላይ ንግግሯ ይረዝማል፤ ከቦታ ቦታ እየተንከራተተች እንደምትሠራ፣ የማኅፀኗ ድካም ከንቱ እንደቀረ ትናገራለች። አስታማሚ የሆኑ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ቢያነቡት እንወዳለን። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን አሥር ልጆች እንደገና ሲወለዱ የሷ ስም ቀርቶ መኖሯም አይነሣም።

ስለነዚህ አሥር ልጆችም የምንለው አለን። ለኢዮብ ያጣው ሁሉ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት ይባላል። ቁጥሩን ብንመለከት በጎች ከ7,000 ወደ 14,000፣ ግመሎች ከ3,000 ወደ 6,000 ሆነዋል፤ በሬዎቹና አህዮቹም እንዲሁ። ልጆቹ ግን አልታጠፉም፤ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ነበሩ፣ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ተወለዱ። ደራሲው ልጅ እንደ ከብት እንደማይተካ ያወቀ ይመስለናል፤ ግልጽ አድርጎ ግን አልተናገረም። ይህ ለኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሱዳን በኩል በነበረው ጉዞ፣ በተለይም በ1984 በኡም ራኩባ መጠለያ፣ ልጆቻቸውን በበሽታ ተነጥቀው በማያውቁት ምድር የቀበሩ ብዙ ወላጆች አሉን። በጉዞው የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከነዚህ ወላጆች መካከል እዚህ ገብተው እንደገና የወለዱ ነበሩ፤ ጎረቤትም «እግዚአብሔር ካሳችሁ» አላቸው። እነሱም «አሜን» አሉ፤ ምን ሊሉ ኖሯል? ካሳ የከብት ቃል ነው፣ የመሬት ቃል ነው። እነዚያ እናቶች ዛሬ አርጅተው በራሳቸው ሕመም ሲተኙ በሌሊት የሚጠሩት ስም የትኛው እንደሆነ የሚያስታምሟቸው ልጆች ያውቃሉ።

መጽሐፈ ኢዮብ ሊመልስ ያልቻለውን አንድ ነገር የራሳችን ሞተ ሙሴ ይመልሰዋል። ይህ በቄሶቻችን እጅ የቆየ የግዕዝ ጽሑፍ በ1906 በዣክ ፋይትሎቪች አማካይነት ከዕብራይስጥና ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በፓሪስ ታትሟል፤ ቮልፍ ሌስላውም በ1951 ባሳተመው የጽሑፎቻችን ስብስብ ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። ሊቃውንት ምንጩ ዓረብኛ ነው ይላሉ። ይሁንና የወደዱትና ያቆዩት አባቶቻችን ናቸው፤ ምን አይተውበት ወደዱት ብሎ መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው።

በኦሪት ሙሴ 120 ዓመት ሆኖት፣ ዓይኑ ሳይፈዝ፣ ምድሪቱን ከሩቅ አይቶ በጥቂት ቃላት ይሞታል። በሞተ ሙሴ ግን ሞትን የሚፈራ ሰው ነው። ያለቅሳል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይሰናበታል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቀው ከሱ በኋላ ልጆቹን ማን ይመለከታቸዋል በሚለው ነው። የሚሰጠው መልስ ስብከት አይደለም። ድንጋይ እንዲመታ ይታዘዛል፤ ድንጋዩ ሲከፈት በውስጡ በሕይወት ያለ ትል ይገኛል፤ እግዚአብሔርም በድንጋይ ውስጥ ያለውን ትል ካልረሳ ልጆቹን እንደማይረሳ ይረዳዋል። ልብ እንበል፤ ለምን ትሞታለህ የሚለው አልተመለሰም፣ አልተጠየቀምም። የተመለሰው አባት በአልጋው ላይ በእርግጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ከምድጃ ጀርባ ሆነው ስለ ልጆቻቸው ቀለብ ሲያስቡ ያደሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ለምን እንዳቆዩት እዚህ ላይ ይገባናል። በሥነ ጽሑፍ ውበት ከኢዮብ ጋር አይወዳደርም፤ አንዳንድ ቦታ ይንዛዛል። ሕመምተኛን በማወቅ ግን አያንስም።

የመጨረሻው ክፍል ያከራክራል። ሙሴ መቃብር የሚቆፍሩ ሰዎች ያገኛል፤ መላእክት መሆናቸውን አያውቅም። የሟቹ ቁመት እንዳንተ ነውና ገብተህ ለካልን ይሉታል፤ ይገባና በዚያው ያንቀላፋል። ይህ የምሕረት ማታለል ነው፤ በቤታችንም እናውቀዋለን። ክፉ በሽታ ሲገኝ «ለሱ እንዳይነገረው» እንላለን፤ መርዶ እንኳ የሚነገረው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጊዜው ታይቶ ነውና። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ደግሞ ሐኪሙ ለሕመምተኛው ራሱ እንዲያስረዳ ያዝዛል፤ ሊቀር የሚችለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድ ነው። በዚህ ምክንያት በሐኪምና በቤተሰብ መካከል ብዙ ጠብ አይተናል። አንዳንዶች ሞተ ሙሴን ለመደበቅ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል፤ እኛ ግን ንባቡ የተሳሳተ ነው እንላለን። ሙሴ የተታለለው በመጨረሻዋ ሰዓት ብቻ ነው። መሞቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ስላወቀም አለቀሰ፣ ተሰናበተ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቆ መልስ አገኘ። ከመጀመሪያው ቢደበቅበት ኖሮ ድንጋዩም አይከፈትም ነበር። የሐኪሙ ድንገተኛ ቃልም የቤተሰቡ ዝምታም ከዚህ መጽሐፍ ጋር አይሄዱም፤ መጽሐፉ የሚያሳየው ቀስ ብሎ፣ በጊዜው፣ ለራሱ ለባለቤቱ መንገርን ነው።

አሁን ስለ አስተርጓሚዋ። ሐኪሙ በዕብራይስጥ ተናግሮ ሲያበቃ ፊቱን ወደ አሥራ አራት ዓመት ልጅ ያዞራል። ልጅቱ አያቷን አይታ፣ የወለሉን ንጣፍ አይታ፣ «ትንሽ ቁስል አለ፣ ይድናል ይላሉ» ትላለች። አያቷም ገብቷቸዋል፤ ለሷ ሲሉ ያልገባቸው ይመስላሉ። ሙሴ የተጨነቀላቸው ልጆች እዚህ ተገልብጠው መቃብር ቆፋሪዎቹን ሆነው ቆሙ ማለት ነው። ይህ ለልጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። የኩፓት ሆሊም አስተርጓሚ በስልክም ቢሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ሳይሰለቹ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጅቱ የአያቷን እጅ ይዛ ትቀመጥ።

ለጠያቂዎችም አንድ ነገር እንመክራለን። አልጋው አጠገብ የሚባል ሲጠፋ፣ ሕመምተኛው ከፈቀደ፣ መጽሐፈ ኢዮብን በአማርኛ ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ማንበብ ይቻላል። ሃያ ስድስት ቁጥሮች ብቻ ነው፤ ጀበናው ከእሳት ሳይወርድ ያልቃል። ምዕራፍ 19 ከሱ በሦስት ቁጥር ይበልጣል። በመካከል «አቁሙ» ቢሉ ይቁም፤ «ድገሙት» ቢሉም ይደገም።